መርጫው የሚታጠብበት ቦታ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

  

የዛሬው ዝግጅታችን በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን የተበከለ ውኃንና አፈርን እንዴት እንደሚያጸዱ ይመለከታል። ይህ ጉዳይ ሲነሳ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከትልልቅ ከተሞች የፍሳሽ ማጣሪያ ነው። እዚያም እንደርሳለን። እኔ ግን መነሳት የምፈልገው ከእርሻችሁ ዳር፣ መርጫው ከሚሞላበትና ከሚታጠብበት ቦታ ነው።

በባሌ ደጋ መሬቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። በመጋቢት ግድም የሚጀምረው ገና የሚባለው ወቅት አለ፤ ከሐምሌ ወዲያ የሚዘራው ቦና አለ። ስንዴ ሁለቴ ሲዘራ አረሙም ሁለቴ ይመጣል፣ ዋጉም እንዲሁ፤ መርጫውም ሁለቴ ከተሰቀለበት ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ከመታው፣ በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ ዲገሉ የተባለውን ስንዴ በባሌና በአርሲ ማሳ ላይ ካደረቀው ወዲህ፣ የዋግ መድኃኒት መግዛት ለብዙ ገበሬ እንደ ማዳበሪያ መግዛት የማይቀር ወጪ ሆኗል። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ሰብሉ ዓይኑ እያየ ሲደርቅበት እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ የለም።

ጥያቄው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ርጭቱ አልቆ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መርጫው የት ይታጠባል? ብዙ ጊዜ መልሱ ውኃ ባለበት የሚል ነው። ምንጭ ዳር፣ ወንዝ ዳር፣ ወይም ከጉድጓዱ አጠገብ።

እስቲ እናስላው፤ እርሳስ ያላችሁ ጻፉት። ቱፎርዲ የምንለው የአረም መድኃኒት በሊትር 720 ግራም ዋና ንጥረ ነገር የያዘ ነው እንበል። በጠርሙሱ ክዳን ልክ፣ 10 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢፈስ 7 ግራም ከ200 ሚሊ ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠጣ ውኃ ውስጥ ለዚህ መድኃኒት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 30 ማይክሮ ግራም ነው፤ ይህም የአንድ ሚሊ ግራም መቶኛ ሦስት እጅ ማለት ነው። ስለዚህ ያቺ የክዳን ሙሉ መድኃኒት 240,000 ሊትር ውኃ እስከ ወሰኑ ድረስ ልታደርስ ትችላለች። በሃያ ሊትር ጀሪካን 12,000 ጀሪካን። የአውሮፓ ኅብረት ወሰን ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ የጠበቀ ነው።

ከሳነቴ አምባ ሥር የሚነሱት የባሌ ውኃዎች ደግሞ ባሉበት አይቀሩም። በጎባ የሚያልፈው ተጎና፣ በሮቤ አቅራቢያ ያለው ሻያ ወደ ወይብ ይገባሉ፤ ወይብ ወደ ምሥራቅ ወርዶ በጎሮና በጊኒር መካከል በሶፍ ዑመር ዋሻ ሥር ያልፋል። ዋሻው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ የተፈለፈለውም ከኖራ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ አገር አንድ ጠባይ አለው፦ ውኃው በስንጥቅና በዋሻ ፈጥኖ ስለሚሄድ አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ የመጣራት ዕድል አያገኝም። ተሕዋስያን እንዲህ ያለውን መድኃኒት በደንብ የሚበሉት አፈር ላይ ነው፤ ለሥራውም ጊዜ ይፈልጋሉ። ወንዙ ውስጥ የገባውን መድኃኒት እዚያ ማሳው ላይ እንደሚያደርጉት ፈጥነው ሊደርሱበት አይችሉም።

ማሳው ላይ ምን ያደርጋሉ? አንድ ግራም አፈር፣ በጣት ጫፍ የምትነሳ ያህል፣ በመቶ ሚሊዮኖች አልፎም በቢሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። በሄክታር አንድ ሊትር ሆኖ በስሱ የተረጨ ቱፎርዲ እዚያ ውስጥ ሲወድቅ ብዙ አይቆይም። ሙቀትና እርጥበት ከተመቸ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ግማሹ ተበልቷል።

እንዴት እንደሚበላ የታወቀበት መንገድ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1949 ኦደስ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ አፈር የሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ቱፎርዲ የተቀላቀለበት ውኃ እየመላለሰ አንጠባጠበ። መጀመሪያ ላይ ለቀናት ምንም አልሆነም፤ መድኃኒቱ እንዳለ ነበር። ከዚያ ድንገት መቀነስ ጀመረና ጠፋ። ተመራማሪው ያንኑ አፈር ሳይቀይር እንደገና መድኃኒት ሲጨምርበት፣ ሁለተኛው ያለ ምንም መዘግየት ተበላ። አፈሩ ለምዷል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ የዝምታ ቀናት መድኃኒቱን መብላት የሚችሉት ጥቂት ባክቴሪያዎች እየተባዙ ነበር።

በኋላ እንደተደረሰበት፣ ነገሩ መባዛት ብቻም አይደለም። ቱፎርዲን የመፍጨት ችሎታ ያለው ዘረመል ፕላስሚድ በሚባል ትንሽ ቀለበት ላይ ይገኛል፤ ይህን ቀለበት ኩፕሪያቪዱስ ኔካቶርን በመሰለው ባክቴሪያ ላይ ሊቃውንት በደንብ አጥንተውታል። ቀለበቱ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው፣ ከዝርያው ውጭ ወዳለውም ጭምር ይተላለፋል። ዕውቀቱ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ለዘመናት ያልነበረውን፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በሰው እጅ የተሠራን ነገር አፈሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መብላት ተማረ።

አድማጮች፣ «ባክቴሪያ» ሲባል አንድ ጀግና ፍጡር ብቻውን መርዙን ሲውጥ አትሳሉ። የጤፍ እርሾ ጥሩ አስረጅ ነው። በእርሾው ውስጥ አንድ ፍጥረት ብቻ አይደለም ያለው፤ ሊጡን የሚያኮመጥጠው ባክቴሪያ አለ፣ ዓይን የሚያወጣለት ሌላው አለ፣ አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሳል። እናቶቻችን ከእያንዳንዱ ቡኮ ላይ ጥቂት እርሾ የሚያስቀሩት ያ ማኅበር እንዳይበተን ነው። አፈር ውስጥም አንዱ መድኃኒቱን ይሰነጥቃል፣ ሌላው ስንጣሪውን ይበላል፣ ሦስተኛው ከዚያ የቀረውን ወደ ጋዝና ውኃ ይመልሳል። ከመካከላቸው አንዱ ቢጠፋ መንገድ ላይ የቀረው ስንጣሪ አንዳንዴ ከመጀመሪያው መድኃኒት የባሰ ሊሆን ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ከተማ እንውጣ። እ.ኤ.አ. በ1914 በእንግሊዝ ማንቸስተር ከተማ አርደርንና ሎኬት የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ባለሙያዎች የከተማ ፍሳሽ በዕቃ ሞልተው አየር ነፉበት። ፍሳሹ እስኪጠራ አምስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ከዚያ ያደረጉት ነገር ነው ዓለምን የቀየረው፦ የጠራውን ውኃ ደፉና ከታች የዘቀጠውን ጭቃ አስቀሩ። አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። እንዲህ እየደጋገሙ ሲሄዱ አምስቱ ሳምንት ከአንድ ቀን በታች ሆነ። ጭቃው ለምዶ ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ አብዛኛው የከተማ ፍሳሽ የሚጣራው ከዚህ በመነጨ ዘዴ ነው።

በአገራችን ትልቁ የፍሳሽ ማጣሪያ አዲስ አበባ ቃሊቲ ነው። ድሮ ፍሳሹ በሰፋፊ ኩሬዎች እየተንጣለለ ነበር የሚጣራው። የታደሰው ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራ ሲሆን፣ ፍሳሹ መጀመሪያ አየር በማይገባበት ገንዳ ከታች ወደ ላይ ያልፋል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያበጁት የኔዘርላንዱ ሌቲንጋና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በዚህ ዓይነት ገንዳ ውስጥ በጊዜ ብዛት ትናንሽ ጥቁር ጠጠሮች ይፈጠራሉ፤ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ ነው። ጠጠሩ ድንጋይ ሳይሆን ተሕዋስያን ተጣብቀው የሠሩት ነው። አንዱን በቀጭኑ ቆርጠው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ብዙ ጊዜ ንብርብር ሆኖ ይገኛል፦ ከውጭ በኩል ስኳርና ቅባት የሚሰነጥቁት፣ ከውስጥ ደግሞ አየር ቢነካቸው የሚጎዱት፣ ከቀረው ላይ ሚቴን ጋዝ የሚሠሩት። የውጭዎቹ የውስጦቹን ይጠብቃሉ፤ የውስጦቹ የውጭዎቹን ቆሻሻ ያነሱላቸዋል። የከብት እበት አስገብታችሁ ባዮጋዝ የምታነዱ ካላችሁ፣ በእናንተም ጓሮ ውስጥ ያሉት እነዚሁ ናቸው። ከቃሊቲ ገንዳ የወጣው ውኃ ቀጥሎ አየር በሚያገኝበት ማጣሪያ ላይ ይንጠባጠባል፤ እዚያ አየር የሚወዱት የቀረውን ይጨርሳሉ።

የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ከዚህ ይከብዳል። ከቆዳው የሚወጣው ፕሮቲንና ፀጉር ውኃውን በአሞኒያ ይሞላዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሥዩም ለታና ፋሲል አሰፋ ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር ናይትሮጅኑን በተሕዋስያን የማስወገድ የሙከራ ማጣሪያ በኢትዮጵያ ሠርተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል። አሠራሩ ሁለት ክፍል አለው። አየር ባለበት ክፍል አንደኛው የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል፣ ሌላው ናይትራይቱን ናይትሬት ያደርገዋል። አየር በሌለበት ክፍል ደግሞ ሌሎች ከናይትሬቱ ኦክስጅኑን ወስደው ናይትሮጅኑን እንደ ጋዝ ወደ ሰማይ ይለቁታል። የምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ክፍል ይኸው ጋዝ ስለሆነ ጉዳት የለውም። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ጀምሮ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ በመጀመሪያ ለተሕዋስያን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው በግፊት እየተጣራ ተመልሶ ለፋብሪካው የሚውለው።

የማይችሉትንም ልናገር፤ በዚህ ጉዳይ ተሕዋስያኑን ሁሉን ቻይ የሚያደርግ ወሬ እየበዛ ነው። ክሮሚየም፣ እርሳስና መዳብ አይበሉም። ብረት ብረት ነው፤ ተሕዋስያን ቢበዛ መልኩን ይቀይሩታል። አደገኛውን ክሮሚየም ስድስትን ብዙም ወደማይሟሟው ክሮሚየም ሦስት መመለስ ይችላሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ብረቱ ግን እዚያው አለ። ዲዲቲም ለዓመታት ይቆያል፤ ሲሰበርም ብዙ ጊዜ ዲዲኢ ወደሚባል እንደ ራሱ ግትር ወደሆነ ነገር ይለወጣል። አገራችን በየመጋዘኑ የተከማቸውን ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ ለማስወገድ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በተሠራው ሥራ ከ1,000 ቶን በላይ መርዝ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ሄዶ የተቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ መጠንና በዚያ ጥንካሬ ለተከማቸ መርዝ ተሕዋስያንን መጠበቅ ሞኝነት ነበር።

መጠንና ጥንካሬ ካልን ወደ መርጫው ቦታ ተመለስን ማለት ነው። ማሳ ላይ በስሱ የተረጨውን የሚበላው ያው ማኅበር፣ አንድ ቦታ ላይ በየጊዜው ያልተበረዘ መድኃኒት ሲደፋበት ይሞታል። መድኃኒቱም ያለ ከልካይ ወደ ታች ይሰርጋል። በአውሮፓ ወንዞች ውስጥ ፀረ ተባይ ከየት ይመጣል ተብሎ ሲጠና፣ በብዙ ቦታ ትልቁ ድርሻ የመጣው ከማሳው ሳይሆን መርጫ ከሚሞላበትና ከሚታጠብበት ግቢ ሆኖ ተገኘ። እውነቱን ለመናገር ለእኔ ይህ የምሥራች ነው። ሰፊውን ማሳ መጠበቅ ይከብዳል፤ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ቦታ ግን ማንም መጠበቅ ይችላል።

ስዊድኖች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ያበጁት መላ ባዮቤድ ይባላል፤ የተሕዋስያን መደብ እንበለው። 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ነው። ከታች 10 ሳንቲ ሜትር የሸክላ አፈር ይደለደላል፤ ባሌ ውስጥ ይህን የሚያጣ የለም፣ ጥቁሩ ኮቲቻችን ይበቃል። የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ከሆነ ወይም ከታች የኖራ ድንጋይ ካለ ከሸክላው ሥር ወፍራም ላስቲክ መነጠፍ አለበት። ከዚያ በላይ 50 ሳንቲ ሜትር ድብልቅ ይሞላል፦ ግማሹ ገለባ፣ ሩቡ አፈር፣ ሩቡ ፒት የሚባል የረግረግ ብስባሽ። ፒቱ እኛ ጋ በቀላሉ ስለማይገኝ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይተካዋል። ከላይ ሣር ይተከላል። መርጫው የሚሞላውም የሚታጠበውም ከዚህ ሣር በላይ ነው።

ለምን ገለባ? ኮምባይነር ባለፈበት ማሳ የምትቃጠለው ያች የስንዴ ገለባ ሊግኒን የተባለ ጠንካራ ነገር አላት። ሊግኒንን በደንብ ማፍረስ የሚችሉት እንጨት አንጥተው የሚያበሰብሱ ፈንገሶች ናቸው፤ ዱር ውስጥ የወደቀ ግንድ ነጭና ስፖንጅ መስሎ ስታዩት የእነሱ ሥራ ነው። ሊግኒን ቅርጹ የተምታታ ስለሆነ ፈንገሱ የሚያመነጨው ኢንዛይም መርጦ አይቆርጥም፤ ያገኘውን ያቃጥላል። በዚያ መካከል የአረምና የዋግ መድኃኒቶችንም ይሰነጥቃል። የተሰነጠቀውን ባክቴሪያዎቹ ይቀበላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይመስለኛል። «ለተሕዋስያን ምግብ ይሁናቸው» ብላችሁ እርጥብ ፍግ ወይም ዩሪያ እንዳትጨምሩበት። ከእነዚህ ፈንገሶች መካከል በደንብ የተጠኑት ያንን ኢንዛይም የሚያወጡት ናይትሮጅን ሲጎድልባቸው ነው። ከጠገቡ ሥራ ይፈታሉ። የተቃጠለ ዘይት የፈሰሰበት የጋራዥ አፈር ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዘይት በአብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጅን ስለሆነ በላተኞቹ የሚያጡት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ በአላስካ ዳርቻ ነዳጅ ስትደፋ ባለሙያዎቹ በዋናነት ባክቴሪያ ከሌላ ቦታ ከማምጣት ይልቅ ማዳበሪያ ረጩና እዚያው የነበሩትን አበረቱ። ለጋራዥ አፈርም ፍግ ቀላቅሎ፣ እርጥበት ሰጥቶ፣ እያገላበጡ አየር ማስገባት ይረዳል። የሞተር ዘይት ብረቶችም ስላሉበት እዚያ ላይ ጎመን መትከል ግን አይገባም።

ወደ መደባችን እንመለስ። የሚቀላቀለውን አፈር ከየትም አታምጡ፤ ለዓመታት ስትረጩበት ከኖረው ከራሳችሁ ማሳ ላይ ውሰዱ። ኦደስ በብርጭቆው ያየውን፣ የለመደውን ማኅበር የያዘው እሱ ነው። ድብልቁን ወዲያው አትጠቀሙበት፤ አንድ ወር ተኩል ያህል እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ሲጨበጥ ጭብጦ የሚሆን፣ ውኃ ግን የማያንጠባጥብ መሆን አለበት። በዝናብ ወቅት ከላይ ቆርቆሮ ወይም ላስቲክ ይጋረድበት፤ ከተጥለቀለቀ አየር ያጣል፣ ፈንገሱም ያለ አየር አይሠራም። ከምንጭና ከጉድጓድ ይራቅ።

የአየር ጠባዩም ነገር አለ። በአጠቃላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የተሕዋስያን ሥራ በግማሽ ያህል ይዘገያል። ጊኒር ላይ በሳምንታት የሚያልቀው ጎባ ላይ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። የደጋ ሰው መደቡን ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ ቢያደርገውና ሰፋ ቢያደርገው ይመረጣል። በትክክል ምን ያህል ለሚለው ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ሲናና ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የባሌን ገለባና የባሌን አፈር ይዞ ይህን ለመለካት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ከመደቡም በፊት የሚቀድም ነገር አለ። የመድኃኒቱ ጠርሙስ ሲያልቅ ሦስት ጊዜ በውኃ ይለቅለቅ፤ እጣቢው መሬት ላይ ሳይደፋ ወደ መርጫው ይመለስና ማሳው ላይ ይረጭ። ባዶው ዕቃ ይበሳ፤ ለወተትም ለውኃም አይዋል። መርጫው ውስጥ የተረፈውም በብዙ ውኃ ተበርዞ እዚያው ማሳ ላይ ይለቅ። መደቡ የሚቀበለው ጠብታውንና የመጨረሻውን እጣቢ ብቻ ነው። ያልተበረዘ መድኃኒት ከደፋችሁበት ማኅበሩን ገደላችሁት።

ገለባው እየተበላ ስለሚሄድ ድብልቁ ይጎድላል፤ በየዓመቱ ገለባ እየጨመራችሁ ሙሉት። ስዊድን ውስጥ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ሲሞላው ያወጡትና አንድ ዓመት ያህል ለብቻው ተከምሮ እንዲበሰብስ ይተዉታል፤ ከዚያ ማሳ ላይ ይበተናል። እናንተ ጋ ሙቀቱ ስለሚበልጥ ገለባው ፈጥኖ ያልቃል፣ ጊዜውም ሊያጥር ይችላል። አዲሱን ድብልቅ ስትሞሉ ከአሮጌው ጥቂት አካፋ አስቀርታችሁ ቀላቅሉበት።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)